በሰልፍ ላይ የተነገረ መርዶ

ደብረ ታቦር
መጋቢት 24 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለክበባችን አባል ለተማሪ ሸዋነሽ ፋንታው
ጋሳይ

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ እንዴት እንዳሰነበትሁሽ የማውቀው እኔው ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ እንዳልልም ይኸው ቃል አፌ ላይ እየከበደኝ ነው። ያም ሆኖ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናትሽን እማማ ወርቅነሽን፣ አጎትሽን አያ ሙላቴንም ያጽናልን።

ጎረቤታችሁ ጌጡ ባለፈው በግ ሊሸጥ ሲመጣ ያቀበለኝን ብጣሽ ወረቀት አየሁ። ሰላምታ የለበትም፤ ስምሽም የለበትም፤ “ማን አዘዘህ?” የሚል ጥያቄ ብቻ ነው። መልሱ ይህ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም። የክበቡ ኃላፊ መምህር ቢያድግልኝ ከነጭራሹ አልሰሙም ነበር። የጻፍሁትም እኔ፣ ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑን ይዤ ያነበብሁትም እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ። አጎትሽ ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ሲመጡ በሩ ላይ እንግዳ የመቀበል ተራው የክበባችን አባል የሕሊና ነበር። መምህር ቢያድግልኝን ፈለጉ፤ እሳቸው ደግሞ ለስብሰባ ባሕር ዳር ወርደው ነበር። አያ ሙላቴም “የሸዋነሽ አባት ፋንታው ማረፉን ለመምህሩ ንገሪልኝ፤ ሰኞ ተመልሼ አገኛቸዋለሁ” ብለዋት ሄዱ። ሕሊና መጥታ ለእኔ ነገረችኝ። አንቺ ያን ቀን ከትምህርት ቀርተሽ ስለነበር ለቀብር ሄዳለች አልን። ሰኞ ደግሞ ነጠላሽን እስከ ጉንጭሽ ተከናንበሽ፣ ፊትሽ አብጦ፣ ማንንም ሳታናግሪ መጥተሽ አጠገባችን ቆምሽ። ስታለቅሺ የሰነበትሽ መሰለኝ። ጥርስ ተነቅለሽ መሆኑን የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

መቼም ታስታውሻለሽ፣ በጥር ወር የሒሳብ መምህራችን እናት ሲያርፉ እኛ የሐዘን መግለጫውን ያነበብነው አርባቸው ሊወጣ ሲል ነበር። መምህር ቢያድግልኝ “እናንተ የሕዝብ ግንኙነት ክበብ ናችሁ የታሪክ ክበብ?” ብለው በአባላቱ ሁሉ ፊት አሳፈሩኝ። ከዚያ ወዲህ የማንም ሐዘን ቢሆን በመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ይነበብ ብለን ወሰንን፤ አንቺም እጅሽን አውጥተሽ ደግፈሻል። ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ላካፍልሽ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የቸኮልሁት ለምን እንደሆነ እንድታውቂው ብቻ ነው።

ክበቡ በአስቸኳይ ተሰብስቦ ይቅርታ እንዲጠይቅሽ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እኔም በግሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብሔራዊ ፈተናው ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ በእኔ ምክንያት ሳትፈተን ከቀረች ምን ይውጠኛል? እባክሽ ትመጪ እንደሆነ አንድ ቃል ላኪልኝ።

ተስፋነህ ገብረ ማርያም
የሕዝብ ግንኙነት ክበብ ሊቀመንበር


ጉና ሥር
ሚያዝያ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተስፋነህ

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ማኅተም ቢያርፍበት ኖሮ ቀበሌ የላከው ይመስለኝ ነበር።

በሙሉ ድምፅ ወሰንን ትላለህ። በሙሉ ድምፅማ ነበር ያነበብኸው፤ ከገበያው ማዶ ድረስ ይሰማል።

እጄን አውጥቼ መደገፌ እውነት ነው። አልክድም። ግን የሰማ ሰው ሐዘን እንዲነበብ እንጂ ያልሰማ ሰው መርዶ እንዲነበብ አልደገፍሁም። አጠገብህ ቆሜ ነበር እኮ! ክንዴን ነካ አድርገህ “ሸዋነሽ፣ ሰማሽ ወይ?” ማለት አቅቶህ ነው? “የክበባችን አባል” ስትል እኔ የሕሊና ነው ብዬ ደንግጬ ወደ ሕሊና ዞርሁ። ከዚያ ስሜን ጠራህ። ከዚያ የአባቴን ስም።

አያ ሙላቴ እስከ ዛሬ አልበረደላቸውም። “ደብቁ ብየ መናገር ነበረብኝ ወይ? መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በተማሪ ፊት፣ በመነጋገሪያ ይነገራል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ ወይ?” ይላሉ። ለመምህሩ ሊነግሩ የመጡት ወሬው ወደ እኔ እንዳይደርስ እንዲጠብቁልኝ ነበር። ሊያረዱኝ ያሰቡት ከፈተናው በኋላ ነው። አክስቶቼ ተሰብስበው፣ ከንጋቱ በፊት፣ የሚወዱኝ ሰዎች ዙሪያዬን ይዘውኝ። ለሰው ሁሉ የሚደረገው ነው፤ የተለየ ነገር አልጠየቅሁም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ስለ አንተ ይህን ያህል ይበቃል። አንተ አፍረሃል፤ እፍረትህንም ሰው ሁሉ ያውቅልሃል። የእኔን ደግሞ ልንገርህ፤ መምጣት አለመምጣቴን ከዚህ ትረዳዋለህ።

አንተ አንብበህ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ስታዞር የስፖርት ዜናው እጄ ላይ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኟም ወረቀቱም ሆንሁ። አነበብሁት። አሥረኛ “ለ” አሥረኛ “መ”ን ሁለት ለአንድ አሸነፈ ብዬ፣ የጎል አግቢዎቹን ስም ጠርቼ፣ “አሸናፊዎች እንኳን ደስ አላችሁ” ብዬ ጨረስሁ። ከዚያም ክፍል ገብቼ ሒሳብ ተማርሁ። አያ ሙላቴ እኩለ ቀን ላይ ደርሰው ይዘውኝ እስኪወጡ ድረስ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ወሬ እግር አለው። እኔ በእግሬ አገሬ ከመግባቴ በፊት “አባቷ ሞቶ እንኳን ደስ አላችሁ አለች” የሚለው ደርሶ ጠበቀኝ። ሰው ሁሉ ለቅሶው ቤት ተቀምጦ፣ ከአጥሩ ሳልደርስ እሪ እስክል ይጠባበቅ ነበር። እኔ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ገባሁ። እስከ ዛሬም አላለቀስሁም። ሴቶቹ ውኃ ስቀዳ እንኳ ፊቴን ፊቴን ያያሉ። አባቴን የምወደውን ያህል ማንም አይወደውም፤ ግን ይህን በምን ላስረዳቸው?

እናቴ የትም አትሄጂም ብላለች። እኔም ወደዚያ ሜዳ ተመልሼ በምን ዓይኔ ሰው እንደማይ አላውቅም።

ሸዋነሽ


ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 10 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሸዋነሽ፣ እንዴት ነሽ?

ደብዳቤሽን ሚኒ ሚዲያው ክፍል ውስጥ ሆኜ አነበብሁት። ሕሊና ምን አለችህ ስትለኝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ካንቺ ቀጥሎ እንደ እሷ የተጎዳ የለም። ባጇን ለመምህር ቢያድግልኝ መልሳለች፤ በር ላይ እንግዳ ሲመጣ አይታ ዞር ትላለች።

“ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር ወይ?” ብለሽ በቃል የላክሽብኝን ጥያቄ ጌጡ ነገረኝ። አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ። ልዋሽሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ ላንቺ ያማረ ነገር አልጽፍም። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። እንደ ሁልጊዜሽ ነው ያነበብሽው። የተንቀጠቀጠው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ያየሁት አጠገብሽ ስለነበርሁ ነው። ሰልፉ ጸጥ ብሎ ነበር። “እንኳን ደስ አላችሁ” ስትይ ማንም አላጨበጨበም። እኔ ጸጥታው ሲያስጨንቀኝ አጨበጨብሁ። ከዚያ ተማሪው ተከተለኝ። እንግዲህ ያንን ጭብጨባ ያስጀመርሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ከእኔ ስሚው።

ለምን አልጠየቅኸኝም ላልሽው፣ ባለፈው ደብዳቤ ያንን ሁሉ ስደረድር ዋናውን ነገር ዘልዬዋለሁ። ጽሑፉ አምሮልኝ ነበር። እሑድ ሙሉ ቀን ስጽፈው ስሰርዘው ዋልሁ። “ከዚህ ዓለም ድካም በማረፋቸው” የሚለውን ቤታችን ውስጥ እየተንጎራደድሁ ጮክ ብዬ ተለማመድሁት፤ አባቴ እንኳ ከጋዜጣው ቀና ብሎ “ጎበዝ” ብሎኛል። አንቺን ብጠይቅሽ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። ስትሰሚልኝ፣ “እንዴት ብታከብረኝ ነው” እንድትይኝ ነበር የፈለግሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ? የእኔ ደግሞ ወለምታም አይደለም፤ እሑድ ሙሉ የተለማመድሁት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን ሳስበው ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ሊቀመንበርነቱን ትቻለሁ። አሁን ማስታወቂያውን ርዕሰ መምህሩ በራሳቸው አፍ ይናገራሉ።

አንድ የግድ የሆነ ነገር አለ። የፈተና መግቢያ ካርድ መጥቷል። ያለ ባለቤቱ ፊርማ አይሰጥም፤ የመጨረሻው ቀን ግንቦት አሥራ ሁለት ነው። መምህር ቢያድግልኝ ባንቺ ፈንታ ልፈርም ብለው ለምነው አልተፈቀደላቸውም። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ሜዳው ላይ ስታገኚኝ ፊትሽን አዙሪብኝ፤ ብቻ ነይ።

ተስፋነህ


ጉና ሥር
ሚያዝያ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ተስፋነህ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። እኛ ዘንድሮ በግ አላረድንም።

ጭብጨባውን ሳነብ ደብዳቤህን ወረወርሁት። ከዚያ ደግሞ አንስቼ ጨረስሁት። እኔ የስፖርት ዜና ካነበብሁ አንተ ብታጨበጭብ ምን ይገርማል? ሁለታችንም ጸጥታውን ፈርተን ነው።

ካርዱን ለእናቴ ነገርኋት። ልትከለክለኝ ፈልጋ አይደለም፤ አባቴም ተማሪ ተማሪ እያለ ነው የሞተው ትላለች። ፍራቷ ሌላ ነው። ሌሊት ሌሊት ደረቴ ላይ እጇን አድርጋ ታዳምጠኛለች። “ሐዘንሽ ደረትሽ ላይ ቁሞ እንዴት ብየ እሰድሻለሁ፣ ልጀ? መንገድ ላይ ጥሎሽ ይቀራል እኮ። መጀመሪያ አልቅሽ፤ ከዚያ ሂጅ” ትለኛለች። ላለቅስ ሞከርሁ። ከማድቤቱ ጀርባ ብቻዬን ተቀምጬ የአባቴን ነገር አንድ በአንድ አሰብሁ። አልመጣልኝም። እንዲያውም የሰልፉ ሜዳ ነው ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው። አባቴን ላስበው ስል አንተን አያለሁ፤ ይኸ ነው የሚያናድደኝ።

የንስሐ አባታችን ለትንሣኤ ሊጠይቁን ሲመጡ እናቴ አማከረቻቸው። እሳቸውም “ይህች ልጅ ወሬ ነው እንጅ መቸ መርዶ ሰማች?” አሉ። አያ ሙላቴ ያኔውኑ ጉልበታቸውን መትተው ተነሡ። “እንደገና እንነግራታለን” አሉ። ምንም እንዳልሰማሁ፣ አክስቶቼ ተጠርተው፣ ከንጋቱ በፊት፣ እንደ ደንቡ።

እኔ ሳቄ መጣ። የማውቀውን እንዴት አድርገው ይነግሩኛል? ደግሞም አፈርሁ፤ እንደ ቴአትር ነው የሚሆነው። እናቴ ግን ቆርጣለች። አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፤ “ያ ልጅ ይምጣ። ያበላሸ እሱ ነው፤ እሱ ይንገራት” አለች። አያ ሙላቴ እሱን እዚህ አላይም ብለው ነበር፤ የእናቴን ፊት ሲያዩ ግን ተዉት።

እንግዲህ የምትመጣው ቅዳሜ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ነው። ጌጡ ከጋሳይ ይዞህ ይወጣል፤ መንገዱ ዳገት ነው፣ ብርዱንም አታውቀውም፣ ጋቢ ያዝ። አያ ሙላቴ ቤት ታድራለህ። አይመቱህም፤ እናቴ አስምላቸዋለች። ካልመጣህ ግን ከእንግዲህ ነይ ብለህ አትጻፍልኝ።

ሸዋነሽ


ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሸዋነሽ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አባቴ “የሰው አገር ሄደህ ትደበደባለህ፣ ይቅርብህ” ይላል። ለአንድ ቀን በአባቴ ተከልዬ ልቀር አስቤ ነበር። ታምሜያለሁ ብዬ ልጽፍልሽም ጀምሬ ነበር። ይህንንም እወቂው።

እናቴን ግን ጠየቅኋት። እሷ የእብናት ሰው ናት፤ ብዙ መርዶ አይታለች። ምን ይባላል አልኋት። “ምን ይባላል ብሎ ነገር ምንድን ነው? እንደ ሰውየው ነው” አለችኝ። ማታ ተቀምጬ ጥቂት ቃላት ጻፍሁ። አሳየኋት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እሳት ውስጥ ጨመረችውና “ወረቀት ይዘህ ሰው ቤት ትገባና አንተን አያድርገኝ” አለች።

ስለዚህ ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ምን እንደምናገር አላውቅም። የእናትሽን ፊት እንዴት እንደማይ አላውቅም። አያ ሙላቴ ቢመቱኝም ይገባኛል፤ አታስምሏቸው። ብቻ እመጣለሁ።

ተስፋነህ


ጉና ሥር
ግንቦት 4 ቀን 1998 ዓ.ም.

ተስፋነህ፣ ደኅና ገባህ ወይ? ጌጡ ቁልቁለቱን ስትወርድ ሁለት ጊዜ እንደወደቅህ ነግሮኛል። ቁርስ ሳትቀምስ፣ ማንንም ሳትሰናበት መሄድህን እናቴ አልወደደችውም። እፍረት ሆድ ይሞላል ወይ ብላሃለች።

በጌጡ የላክኸው ወረቀት ላይ “ምን ተናገርሁ? አላስታውስም፤ ደግሜ አጠፋሁ ወይ?” ብለሃል። ምንም አልተናገርህም።

እኔ ነቅቼ ነበር። እናቴ አጠገቤ ተኝታ፣ እሷም የተኛች መስላ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቅ ነበር። ውሾቹ ጮሁ። የአያ ሙላቴን ሳል ሰማሁ። ይኸው መጡ፣ አሁን ተነሥቼ እንደ ተዋናይ ልደነግጥላቸው ነው ብዬ አፈርሁ። ፊቴን በጋቢው ሸፈንሁት። ገብታችሁ ቆማችሁ። አያ ሙላቴ “ተናገር እንጅ፣ ልጀ” አሉህ። አንተ “አባትሽ” አልህና ቀረህ። ደግመህ “አባትሽ” አልህ። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ ብለህ አፍህን በሁለት እጅህ ያዝህ።

ቤቱ ዝም ሲል ጨነቀኝ። አክስቶቼም፣ ቄሱም፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። ያን ጊዜ ከጋቢው ውስጥ ወጣሁና ሳላስበው “አባቴ ምን ሆነ?” አልሁ።

የማውቀውን ነገር ጠየቅሁ፣ ተስፋነህ። በዚያ ሰኞ የጠየቀኝም፣ እንድጠይቅ የተወኝም ሰው አልነበረም። አሁን ስጠይቅ ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። አያ ሙላቴ “አረፈ፣ ልጀ። ፋንታው አረፈ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ በር ላይ ሆነህ ሰምተኸዋል። ለቅሶዬን አልጨረስሁም፤ አሁንም ስጽፍልህ ወረቀቱን እየጠራረግሁ ነው።

ሴቶቹ ታረቁኝ። ውኃ ስቀዳ ጎረቤታችን አሰለፈች፣ ያች ክፉ ክፉውን የምታወራው፣ እንስራዬን አንሥታ አሸከመችኝ። እኔ ግን ከእሷ ጋር ገና አልታረቅሁም፤ አባቴን መውደዴን ለማሳየት ጎረቤት ፊት ማልቀስ ነበረብኝ ወይ? ከአንተም ጋር ቢሆን ታረቅሁ አልልህም። ከክፍል ስወጣ አይቼህ ደሜ የሚፈላበት ቀን ይኖራል። ያን ቀን ዞር በልልኝ፤ በማግስቱ ተመለስ። ለሕሊና ግን ምንም አላጠፋችም በላት፤ የተላከችውን ነው ያደረሰችው።

እናቴ ዛሬ ጠዋት ደረቴን አዳመጠችና “አሁን ሂጅ” አለችኝ። ሰኞ እመጣለሁ፤ ካርዱ ላይ እፈርማለሁ፤ እፈተናለሁ።

ድንቹን፣ የገብሱን ቆሎ፣ በሶውን እስከ ፈተናው የሚበቃኝን ቋጥራልኛለች። ዘጠነኛ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ ስንቄን ትከሻው ላይ አድርጎ ደብረ ታቦር እስከተከራየሁት ቤት በር ድረስ የሚያመጣልኝ አባቴ ነበር። ላነሣው ሞከርሁ፤ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። መናኸሪያ ድረስ መጥተህ አግዘኝ።

ሸዋነሽ